ገንዘብ ሰጪዎቹ ስለ ፍትሐዊነት ሲሰበሰቡ፣ እኛ ምን እናድርግ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምንኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች እስክስታና ክራር የምናስተምርበት ትንሽ ማኅበር አለን። ሠላሳ ገደማ ልጆች አሉን፤ አስተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ለማንም ደመወዝ አንከፍልም። አሜሪካ ውስጥ ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች በየዓመቱ ተሰብስበው ስለ ፍትሐዊነትና ስለ ባህል ፖሊሲ ይወያያሉ ሲባል ሰማን። ምንድን ነው የሚነጋገሩት? እኛስ መሄድ አለብን? ወይስ ወሬ ብቻ ነው?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አትሂዱ። ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለመግቢያ የምታወጡትን ገንዘብ ክራር ግዙበት። ጉባኤው በዋናነት የተዘጋጀው ለሰጪዎች ነው። ማመልከቻ ይዞ እዚያ ሰው ማሳደድ እንደ ነውር ይቆጠራል።

ግን ወሬ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተነሳ ሐሳብ፣ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ እናንተ በምትሞሉት ፎርም ላይ ጥያቄ ቁጥር ሰባት ሆኖ ይመጣል። እኔ ለብዙ ዓመታት የግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ማመልከቻ እያነበብኩ ነጥብ በሚሰጡ ፓናሎች ላይ ተቀምጫለሁ። ፎርሙ ሲቀየር በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት እንደተቀየረ ስትከታተዪው፣ ብዙ ጊዜ መነሻው አንዷ ኃላፊ ከአንድ ስብሰባ ይዛው የመጣችው ማስታወሻ ነው።

አገር ቤት «የባህል ፖሊሲ» ሲባል ዓይናችን ወደ ሚኒስቴሩ ነው የሚሄደው። አሜሪካ የባህል ሚኒስቴር የላትም። በፌዴራል ደረጃ ያለው ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዚ አርትስ የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ፈርመው ያቋቋሙት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የ2024 በጀቱ 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብዙ ይመስላል። ለሕዝቡ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው ከ65 ሳንቲም አይበልጥም። አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይገዛም። ከዚያም ላይ ለግራንት ከሚመደበው 40 በመቶው ወደ ስቴቶችና ወደ ክልላዊ የኪነ ጥበብ ተቋማት ይተላለፋል።

የቀረውን የሚሸፍኑት ፋውንዴሽኖች (ሀብታቸውን ለበጎ ሥራ የሚሰጡ ተቋማት)፣ ሀብታም ግለሰቦች፣ የከተማና የካውንቲ ግብር፣ እንዲሁም የትኬት ሽያጭ ናቸው። ስለዚህ የባህል ፖሊሲ አንድ ቦታ ተጽፎ አታገኚውም። በብዙ ሺህ ቦርዶች እጅ ተበታትኖ ነው ያለው። አንድ ሚኒስትር ቢኖር ኖሮ መመሪያ ጽፎ ይበትን ነበር። ሚኒስትር ስለሌለ ሰጪዎቹ በየዓመቱ ሆቴል ተከራይተው «እናንተ ዘንድሮ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ይባባላሉ።

ትልቁ ማኅበራቸው ግራንትሜከርስ ኢን ዚ አርትስ ይባላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደ ጓደኛሞች ስብስብ ጀምሮ ነው ያደገው። የፋውንዴሽን ሰዎች አሉበት፤ የከተማና የስቴት የኪነ ጥበብ ቢሮ ሰዎችም አሉበት። ጉባኤው ከተማ ይቀያይራል። በ2017 ዲትሮይት፣ በ2018 ኦክላንድ ነበር። በ2019 እናንተው ጋ ዴንቨር መጥቶ ሄዷል። በ2023 ደግሞ ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ ተሰበሰቡ።

እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጠዋት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ተናጋሪ ይነሳል፤ አንዳንዴ ገጣሚ ወይም የአካባቢው ሙዚቀኛ ይከፍታል። ከዚያ ሰዉ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይበተናል። አንዱ ክፍል ውስጥ ስለ ሕግ፣ ሌላው ውስጥ ለግለሰብ አርቲስት ገንዘብ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሦስተኛው ውስጥ ስለ ፎርም አሞላል ይወራል። ሰዉ ማስታወሻ ይይዛል፣ ያጨበጭባል።

ዋናው ነገር የሚከናወነው ግን ቡና እየተጠጣ ነው። አንዷ ለሌላዋ «እኛ እኮ ከትንንሽ ድርጅቶች ኦዲት መጠየቅ ካቆምን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ምንም አልሆነም» ትላታለች። ያቺ ደግሞ ቢሮዋ ተመልሳ «እነ እገሌ እኮ አቁመዋል» ብላ ቦርዷን ታሳምናለች። ለውጥ የሚዛመተው እንዲህ ነው። ገንዘብ ሰጪ ተቀባይ አሥር ጊዜ ከሚነግረው፣ ሌላ ሰጪ አንድ ጊዜ የሚነግረውን ይሰማል። የሚያናድድ ነው፤ ግን ሠርግ ላይ የተሰማ ምክር ከሽማግሌ ደብዳቤ በላይ ሲሠራ አይተሽ የለ?

አሁን ወደ ሚያጨቃጭቃቸው ነገር እንምጣ። ሄሊኮን ኮላቦሬቲቭ የተባለ የጥናት ቡድን በ2017 አንድ ጥናት አወጣ። በበጀት ትልልቅ የሆኑት 2 በመቶ የባህል ተቋማት ከሚለገሰው ገንዘብ 58 በመቶውን ይወስዳሉ ይላል። ያው ቡድን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሲያጠና ድርሻቸው 55 በመቶ ነበር። ልብ በይ፤ በመሃል ያሉት ዓመታት «ፍትሐዊነት» የሚለው ቃል በየስብሰባው የተደጋገመባቸው ናቸው። እየተወራ ክፍተቱ ሰፋ ማለት ነው። ሌላም ቁጥር አለ። በጥናቱ ጊዜ ነጭ ያልሆነው ሕዝብ ከአገሩ 37 በመቶ ነበር። እነዚህን ማኅበረሰቦች ማገልገልን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ድርጅቶች ያገኙት ግን ከፋውንዴሽኖች የኪነ ጥበብ ገንዘብ 4 በመቶ ብቻ ነው።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። ልማድ ነው። ከትልልቆቹ ሰጪዎች አንዱ የሆነው ፎርድ ፋውንዴሽን በ1957 ትልቅ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ሲጀምር ብዙዎች መንገዱን ከሱ ተማሩ። በ1966 ለ61 ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መደበ። የፎርድ ገንዘብ ብዙ ጊዜ «እኔ ይህን ያህል እሰጣለሁ፣ አንተ ደግሞ ከሌላ ይህን ያህል አምጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማኅበረሰቡም ይሳተፍ ማለት ነው። ግን አስቢው። ቦርዱ ላይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የተቀመጠበት ኦርኬስትራ በሁለት ስልክ ያመጣዋል። እናንተ ቦርድ ላይ ያሉት የታክሲ ሹፌርና ነርስ ናቸው። እነሱ ከየት ያምጡት? ሃምሳ ዓመት እንዲህ ሲኬድ፣ ያለው ይጨመርለታል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። እነሱ ኢኩዊቲ የሚሉትን እኛ አንዳንዴ እኩልነት ብለን እንተረጉመዋለን። አይደለም። ለሁሉም አመልካች እኩል ሦስት ሳምንት መስጠት እኩልነት ነው። ነገር ግን አንዱ ማመልከቻ መጻፍ ብቻ ሥራው የሆነ ሠራተኛ አለው። አንቺ የምትጽፊው ልጆች ካስተኛሽ በኋላ፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ልዩነት ቆጥሮ ደንቡን የሚያስተካክል ነው ፍትሐዊ የሚባለው።

ግራንትሜከርስ ኢን ዚ አርትስ በ2015 የዘር ፍትሐዊነትን በተመለከተ የአቋም መግለጫ አወጣ። በ2020 ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ሲገደል ነገሩ ተፋጠነ። ሌላው ትልቅ ሰጪ ሜሎን ፋውንዴሽን ሥራውን በሙሉ ወደ ማኅበራዊ ፍትሕ እንደሚያዞር አስታወቀ። ፎርድ በበኩሉ ከሌሎች ጋር ሆኖ 156 ሚሊዮን ዶላር ያሰባሰበ ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ ለጥቁር፣ ለላቲኖ፣ ለእስያና ለቀደምት አሜሪካውያን የባህል ተቋማት የሚሆን። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ግን ስማቸው የታወቀ 20 ድርጅቶች ነበሩ። ከፎርድ መዝገብ ላይ አንድ የእስክስታ ቡድን ስም ፈልገሽ ከሆነ አትድከሚ።

ከዚያ ነፋሱ ተገለበጠ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መስፈርት እንዳያደርጉ ወሰነ። በ2024 ደግሞ አትላንታ ውስጥ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች 20,000 ዶላር ይሰጥ የነበረ ድርጅት በዘር ይለያል ተብሎ ተከሶ በይግባኝ ፍርድ ቤት ተረታ፤ በስምምነት ፕሮግራሙን ዘጋ። ጉዳዩ የኪነ ጥበብ አልነበረም። ግን የየፋውንዴሽኑ ጠበቃ በዚያ ሳምንት ስልኩ አላረፈም። በ2025 የፌዴራሉ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤት ለትንንሽ ድርጅቶች 10,000 ዶላር ይሰጥበት የነበረውን ቻሌንጅ አሜሪካ የተባለ ፕሮግራም ለቀጣዩ ዙር ሰረዘ። በግንቦት ወር ደግሞ ቀድሞ የተፈቀዱ ግራንቶችን በኢሜይል መሰረዝ ጀመረ። ገንዘቡ ይመጣል ብሎ አዳራሽ የተከራየ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ዛሬ ሰጪዎቹ ሲሰበሰቡ የሚያወሩት ከ2020ው የተለየ ነው። «ፍትሐዊነት ያስፈልጋል ወይ?» አይደለም ጥያቄው። «ሳንከሰስ እንዴት እናድርገው?» ነው። አንዳንዱ ቃሉን ከድረ ገጹ ላይ አውርዶ ሥራውን ቀጥሏል። አንዳንዱ ቃሉንም ሥራውንም ጥሏል። ሌላው ደግሞ መስፈርቱን ቀይሯል። ዘር በሚለው ፈንታ የበጀት መጠን፣ የፖስታ ኮድ፣ ከዚህ በፊት ግራንት ማግኘትና አለማግኘት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትሠሩ ይጠይቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ አይስማሙም እንጂ፣ እኔ ይህ የመጨረሻው ለኛ ለሐበሾቹ ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ። በዘር ሣጥን ውስጥ ስንገባ እንጠፋለን። ፎርሙ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ የሚወዳደረን አርባ ዓመት የሠራ፣ ሕንፃ ያለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ቲያትር ነው። እሱም በተራው ሲበደል የኖረ ነው፤ ቂም የለኝም። ግን ዓመታዊ በጀቱ 12,000 ዶላር የሆነ የልጆች ማኅበር ከሱ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባም። «በጀታቸው ከ50,000 ዶላር በታች ለሆኑ ብቻ» የሚል መስመር ስታዪ፣ ያኔ በእርግጥ ስለ እናንተ እየተወራ ነው።

ወሬው ፎርም ሲሆን ምን እንደሚመስል አንድ ገጠመኝ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፓናል ላይ ተቀምጬ ነበር። የአንድ ስደተኛ ማኅበር ማመልከቻ ቀረበ። ቪዲዮው ላይ ልጆች በባህል ልብስ ይጨፍራሉ፤ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ እናቶች እልል ይላሉ። አንዱ የፓናል አባል «ይሄ ኪነ ጥበብ ነው ወይስ የማኅበረሰብ መዝናኛ?» አለ። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የመጣው የልጆች የባሌ ዳንስ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ ከእነዚያኞቹ የተሻሉ አልነበሩም። ያንን ጥያቄ ግን ማንም አላነሳም። እኔም ዝም አልኩ። አዲስ ነበርኩ፤ አፈርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያ ፎርም መስፈርት «የላቀ ጥበባዊ ጥራት» ነበር የሚለው። ማን ነው የሚለካው? በምን? ከሁለት ዓመት በኋላ ፎርሙ ተቀየረ። «ሥራው ለሚያገለግለው ማኅበረሰብ ያለው ትርጉም» የሚል ገባ። ፓናሉ ላይም ባህሉን የሚያውቅ ሰው እንዲቀመጥ ተደረገ። የመስፈርቱ ነጥብ ተለወጠ እንጂ ልጆቹ ያው ናቸው፤ ካሜራውም ያው ይንቀጠቀጣል። ገንዘቡን ግን አገኙ።

በእነዚህ ስብሰባዎች ተነስተው ፎርም ላይ የደረሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ለአንድ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን ለኪራይና ለመብራት ጭምር የሚውል ገንዘብ መስጠት አንዱ ነው። ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ ግራንት አለ። ማመልከቻን በጽሑፍ ፈንታ በድምፅ ወይም በቪዲዮ መቀበል አለ። ለአርቲስቶች ያለ ቅድመ ሁኔታ ወርሃዊ ገንዘብ መስጠትም መጣ። በ2021 በሴንት ፖልና በሳን ፍራንሲስኮ በትንሹ ተሞከረ። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ደግሞ 2,400 አርቲስቶች ለ18 ወር በየወሩ 1,000 ዶላር አገኙ። ይህ ሁሉ ከአንዱ ሰጪ ወደ ሌላው በአፍ የሄደ ነው።

የተበላሸም አለ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ግራንት የሚቀበል ድርጅት ሁሉ በቦርዱ የጸደቀ የፍትሐዊነትና የአካታችነት ሰነድ እንዲያቀርብ ወሰነ። ዓላማው ትልልቆቹን ማስገደድ ነበር። ትልልቆቹ ግን ጠበቃና አማካሪ አላቸው፤ ሰነዱን አሳምረው ያቀርባሉ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የሐበሻ ማኅበር ሰብሳቢ ግን «እኛ ሁላችንም ስደተኛ ነን፤ ማንን ነው የምናካትተው?» ብትል ምን ትያታለሽ? ለትልቁ ተብሎ የወጣ ደንብ ትንሹን ሲያደክም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ስለ እናንተ እናውራ። ምክንያቱም እናንተ ያላችሁበት ቦታ በዚህ ጉዳይ በመላው አሜሪካ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ምናልባት አታውቁት ይሆናል።

ዴንቨርን ጨምሮ በአካባቢው ባሉ ሰባት ካውንቲዎች ዕቃ ስትገዙ፣ ከምትከፍሉት የሽያጭ ግብር ውስጥ 0.1 በመቶው ለባህልና ለሳይንስ ይሄዳል። በአሥር ዶላር አንድ ሳንቲም ማለት ነው። ልጁ ጫማ ሲገዛለት፣ ሳታውቁት ትከፍላላችሁ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው አካል ሳይንቲፊክ ኤንድ ካልቸራል ፋሲሊቲስ ዲስትሪክት ይባላል፤ ሰዉ በአጭሩ ኤስ ሲ ኤፍ ዲ ይለዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስቴቱ ለሙዚየሞቹና ለመካነ እንስሳቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ቆረጠ። ተቋማቱ ተሰባሰቡና ሕዝቡን ጠየቁ። በ1988 ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀው።

አከፋፈሉ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ ላይ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው፦ የዴንቨር ኪነ ጥበብ ሙዚየም፣ የዕፅዋት ማዕከሉ፣ መካነ እንስሳቱ፣ የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየሙ፣ እና የትዕይንት ጥበባት ማዕከሉ። እነዚህ አምስቱ ከግማሽ በላይ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ደረጃ መካከለኞቹ ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ፤ ትንሹን ቁራሽ የሚሻሙት እነሱ ናቸው። የመግቢያችሁ በር ያ ነው።

በ2016 ግብሩ እንዲታደስ ድምፅ ሲሰጥ ትልቅ ክርክር ነበር። «አምስቱ ለምን ይህን ያህል ይወስዳሉ?» ያሉ ሰዎች ተነሱ። ቀመሩ ትንሽ ወደ ትንንሾቹ ዘመም ተደረገ። ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከመላው የፍትሐዊነት ወሬ ይልቅ ያቺ ጥቂት በመቶ ትበልጣለች። በየዓመቱ የምትደጋገም፣ በሕግ የተጻፈች ናት። እኔ ፍትሐዊነት የት ነው ያለው ስባል የማሳየው እንዲህ ያለ ቀመር ነው።

አሁን ያለው ግብር የሚቆየው እስከ 2030 አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት እንደገና ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ አለበት፤ ድርሻውም እንደገና ይከፈታል። ያ ውይይት የሚካሄደው ሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ አይደለም። የምርጫ ካርድ ያላቸው ወላጆች ያሉት ማኅበር እዚያ ከማንም ፋውንዴሽን የበለጠ ድምፅ አለው። ሠላሳ ልጅ ማለት ስንት መራጭ ነው? አያቶቹንም ቁጠሪያቸው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ታድርጉ? መጀመሪያ አድራሻችሁን እዩ። አውሮራ በሦስት ካውንቲዎች ላይ ነው የተዘረጋችው፤ አዳምስ፣ አራፓሆና ዳግላስ። የሦስተኛውን ደረጃ ገንዘብ የሚያከፋፍለው በየካውንቲው ያለ የባህል ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱ አባላት ካውንቲው የሾማቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባለሙያ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ የአካባቢው ነዋሪ መሆን ነው። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሂጂና ከኋላ ተቀመጪ። ምንም አትናገሪ። ምን ሲያስደስታቸው፣ ምን ሲያሰለቻቸው እንደሆነ ተመልከቺ። አንድ ምሽት እዚያ መቀመጥ አሥር ገጽ መመሪያ ከማንበብ ይሻላል። ቦታ ሲጓደል ደግሞ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ያመልክት። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ማመልከቻ ማንበብን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ የሐበሻ ማኅበር የሚሰናከልበት ነው። በሕጉ መሠረት የድርጅቱ ዋና ዓላማ ባህል መሆን አለበት፤ ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ ቲያትር፣ የባህል ታሪክ የመሳሰለው። የኛ ማኅበራት ደግሞ ሁሉን ነገር ነው የሚሠሩት። ሲታመሙ መጠየቅ አለ፣ ለቀብር ማዋጣት አለ፣ ለአዲስ ስደተኛ ፎርም መሙላት አለ። መልካም ነው። ግን መተዳደሪያ ደንባችሁ «የኢትዮጵያውያንን ማኅበራዊ ችግር መፍታት» የሚል ከሆነ፣ ውዝዋዜው ጎን ሥራ ይሆንና ትወድቃላችሁ። ደንባችሁን አውጡና የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቡት። ካስፈለገ ዕድሩን ለብቻው፣ የልጆቹን ማኅበር ለብቻው አድርጉ። ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ሆኖ መመዝገብም ግድ ነው። እሱ ገና ካልሆነ፣ ለሌሎች ሰጪዎች ሲሆን በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር ገብቶ ማመልከት ይቻላል፤ ጥቂት በመቶ ለአስተዳደር ይቆርጣሉ።

ሦስተኛው ሒሳብ ነው። «ለማንም ደመወዝ አንከፍልም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። በኩራት እንደጻፍሽው ገብቶኛል። በጀት ላይ ግን ያ ኩራት ይጎዳችኋል። ሦስት አስተማሪ እያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በዓመት አርባ ሳምንት ቢያስተምር 360 ሰዓት ነው። ይህን በገንዘብ ተምነሽ «በጉልበት የተሰጠ» ብለሽ ጻፊው። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹን በነፃ ከሰጣችሁ የአዳራሹን ኪራይ ግምት ጻፊ። አንዲት እናት ቀሚስ ሰፍታ ካመጣች ጻፊ። ብዙ ሰጪዎች ይህን ይቆጥራሉ። ስታገኙ ደግሞ አስተማሪዎቹን ክፈሏቸው። በነፃ የሚያስተምር ሰው ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚተወው የቅዳሜውን ነው።

ስለ ፋውንዴሽኖች ትንሽ ልጨምር። ዴንቨር ውስጥ ኪነ ጥበብን የሚደግፍ ቦንፊልስ-ስታንተን የሚባል ፋውንዴሽን አለ። ስቴቱም የራሱ ቢሮ አለው፤ ኮሎራዶ ክሪኤቲቭ ኢንዱስትሪስ ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ገንዘብ መስጠት ነው። የግል ፋውንዴሽን በሕግ በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ስትደውዪ እየለመንሽ እንደሆነ አይሰማሽ። ማመልከቻ ከመላክሽ በፊት ደውይ። «ይህን ዓይነት ሥራ ትደግፋላችሁ ወይ? እንደኛ ያለ ትንሽ ማኅበር ከዚህ በፊት አግኝቶ ያውቃል?» በይ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አይሆንም ካሉሽ ሁለት ሳምንት ሌሊት አተረፍሽ።

የትልቁን ጉባኤ ወሬ መከታተል ከፈለጋችሁ በቀላሉ ይቻላል። የሰጪዎቹ ማኅበር ጽሑፎች ያወጣል፤ አንድ ወጣት እንግሊዝኛው የማያስቸግረው መድቡ፣ በሩብ ዓመት አንዴ ያንብብላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ፤ መስፈርት ተቀየረ የሚል። ስለ ራእይ የተጻፈውን ይዝለለው።

ለአሁኑ ሕንፃችሁ ያለው በየትኛው ካውንቲ እንደሆነ አረጋግጡና የመተዳደሪያ ደንባችሁን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። የምክር ቤቱን የስብሰባ ቀን ካገኘሽም ጻፊልኝ። የበጀቱን ሠንጠረዥ አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሲለማመዱ በስልክ አብረን እንሞላዋለን።